የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ከበረዶው ሥር ያለው በረዶ

ባለፈው እትም ስለ በረዶ ናዳ ሁለት አንቀጽ ጽፌ ነበር። የመጣው ደብዳቤ ግን ከጻፍኩት ይበልጣል። ደስ ብሎኛል። ከሃያ ዓመት በላይ የብርድ ወራትን ያሳለፍኩት ሰዎችን በበረዷማ ተራራ ላይ በመምራት ነው፤ ስለዚህ ነገር የሚጠይቅ ሰው ሳገኝ ልቤ ይሞላል። ሁሉንም ማስተናገድ አልቻልኩም። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌአለሁ።

መጀመሪያ ስለ ቃሉ ልበል። እኛ እንደ ጠጠር የሚወርደውንም፣ ውሃ ረግቶ የሚሆነውንም፣ እንደ ጥጥ እየተንሳፈፈ የሚያርፈውንም በረዶ እንላለን። እዚህ በረዶ ስል ጥጥ የሚመስለውን ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንዴት ከረሙ? እኔና ሦስት ጓደኞቼ ከተዘጋጀው የስኪ (የበረዶ ሸርተቴ) ሜዳ ወጥተን ተራራ መውጣት ጀምረናል። ባለፈው ሳምንት ሁለት ቀን ሙሉ በረዶ ጣለ። በሦስተኛው ቀን ሰማዩ ጥርት አለ። ልንወርድበት ባሰብነው ቁልቁለት ላይ አምስት ሰዎች የወረዱበት ዱካ ነበር። እኛም ወረድን፤ ምንም አልሆንንም። አንዱ ጓደኛችን ግን "ዕድል ነው እንጂ" ይላል። እውነት ዕድል ነው? — የ24 ዓመት ወጣት

መልስ፦ ጓደኛህ ልክ ነው። እሱን ልጅ አጥብቀህ ያዘው።

ዱካ የሚነግርህ ሰው እንዳለፈ ብቻ ነው። በረዶው ይይዝሃል አይልህም። አምስት ሰው ተሸክሞ በስድስተኛው ላይ የተናደ ቁልቁለት በዓይኔ አይቻለሁ። አምስቱ የረገጡት ሶሌታው ወፈር ያለበትን ነው። ስድስተኛው ሳሳ ያለበትን አገኘው።

ሶሌታ ያልኩት ምን መሰለህ? በረዶ አንድ ወጥ ነገር አይደለም። እያንዳንዱ ማዕበል፣ ነፋስና ውርጭ የየራሱን ንጣፍ ይተዋል። አንዳንዱ ንጣፍ በነፋስ ተጠቅጥቆ እርስ በርሱ ይያያዛል። ባለሙያዎች ስላብ ይሉታል። እኔ የግንበኞቹን ቃል ወስጄ ሶሌታ እለዋለሁ። ከሥሩ ደካማ ንጣፍ ካለ ያ ሶሌታ ምሰሶው ተበልቶ የቆመ ነው። ክብደትህ ደካማውን ይሰብረዋል። ስብራቱ በአንድ አፍታ ቁልቁለቱን ያዳርሳል። ከዚያ ሶሌታው በሙሉ ይለቃል፤ አንተም በላዩ ነህ።

ደካማው ከየት ይመጣል? ብዙ ጊዜ ከወቅቱ መጀመሪያ ነው። ስስ በረዶ ይጥልና ሰማዩ ተከፍቶ ለሳምንታት ብርዱ ይጠናል። መሬቱ ሙቀቱን ይዞ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ይቆያል። የበረዶው ፊት ግን ከዜሮ በታች 15 ወይም 20 ይደርሳል። ከሥር የሚነሳው እንፋሎት በዚያ ስስ በረዶ መሃል እያለፈ ቅንጣቶቹን ይለውጣቸዋል። በ10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ውስጥ ከ1 ዲግሪ በላይ ልዩነት ካለ ይህ ለውጥ ይካሄዳል። ቅንጣቶቹ ማዕዘን ያወጣሉ፤ እርስ በርስ የነበራቸው መያያዝ ይፈታል። እኛ ሥራው ላይ ያለን ሰዎች "ስኳር" እንለዋለን። እስከ ታች ቆፍረህ አንድ እፍኝ ዝገን። ጨብጠው። ሌላው በረዶ ኳስ ይሆናል። ይኼ ግን እጅህን ስትከፍት በጣቶችህ መሃል ሾልኮ ይፈሳል። እንግዲህ አንድ ሜትር ሶሌታ የሚጫነው በዚህ ላይ ነው።

ሁለተኛው ደካማ ንጣፍ ውርጭ ነው። ነፋስ በሌለበት ጥርት ባለ ሌሊት በበረዶው ፊት ላይ ይበቅላል። ጠዋት ስታየው ቀጭን ላባ ይመስላል፤ ፀሐይ ስትነካው ያብረቀርቃል። ተራራ ላይ ከዚህ የሚያምር ነገር አላየሁም። አዲስ በረዶ ሲጥልበት ግን እንደቆመ ይቀበራል። እዚያው ተደብቆ ሳምንታት ይቆያል።

የሦስተኛው ቀን ነገር እዚህ ላይ ነው። አዲሱ በረዶ ራሱ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ይረጋል። ስኳሩና የተቀበረው ውርጭ ግን ቀን አይቆጥሩም። ሰማዩ ጠራ ብለው አይጠነክሩም።

እኔም በአንተ ዕድሜ የራሴ ሦስተኛ ቀን ነበረኝ። ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ነበርኩ። ሰማዩ ሰማያዊ፣ ነፋስ የለም። ሜዳ የሚመስል ቦታ ላይ ስንራመድ ከሥራችን "ዱፍ" አለ። ወፍራም ምንጣፍ ላይ ከባድ ነገር የወደቀ ይመስል ነበር። ከእግሬ በታች በረዶው ጥቂት ዝቅ ሲል ተሰማኝ። ከስኪዬ ጫፍ አንድ ቀጭን ስንጥቅ ወደፊት ሮጠ። ጓደኛዬ "ሰማህ?" አለኝ። "በረዶው እየተረጋጋ ነው" አልኩት። ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም፤ መሄድ ስለፈለግኩ ነው ያልኩት። ያ ድምፅ የደካማው ንጣፍ መሰበር ነበር። ሜዳ ላይ ስለነበርን ብቻ ነው ያልተንሸራተተው።

ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ቀጥ ያለው ቁልቁለት ላይ ደረስን። ከጓደኛዬ በላይ አርባ እርምጃ ያህል ርቆ በረዶው ተሰነጠቀ። መስመሩ ቀጥ ያለ ነበር፤ በመጋዝ የተቆረጠ ይመስላል። ጓደኛዬ ቁልቁል ሄደ። ሁሉም ሲቆም ከበረዶው ውጭ የቀረው አንድ ጓንት ነው። ጓንቱ ውስጥ እጅ ነበር። እየጮህኩ ቆፈርኩ። ፊቱ ጋ ስደርስ ከንፈሩ ጠቁሯል። አፉን ከሞላው በረዶ ካጸዳሁለት በኋላ ተነፈሰ። በሕይወት አለ፤ በየዓመቱ በዚያች ቀን ይደውልልኛል። ያ ጓንት ባይታይ ኖሮ ምን እንደሚሆን ግን ሁለታችንም እናውቃለን።

ስለዚህ ዱፍ ካለ ወይም ከእግርህ ሥር ስንጥቅ ከሮጠ፣ በቃ፣ የዚያ ቀን ቁልቁለት ቀረ። በቅርብ የተናደ ሌላ ቦታ ካየህም እንደዚሁ። ጎረቤቱ ከተናደ ያንተውም ተመሳሳይ በረዶ ተሸክሟል።

ጥያቄ፦ ጮክ ብሎ መናገር ናዳ ያስነሳል የሚባለው እውነት ነው? — ተማሪ

መልስ፦ አይደለም። የሰው ድምፅ ያን ያህል ጉልበት የለውም። ተራራ ላይ ስትሆኚ ጓደኛሽን ለማስጠንቀቅ ከልብሽ ጩኺ። ናዳ የሚያስነሳው አብዛኛውን ጊዜ ክብደት ነው፦ አዲስ በረዶ፣ ነፋስ ያመጣው በረዶ፣ የሚራመድ ሰው። ናዳ የያዛቸውን ተጓዦች ስናይ ከአሥሩ ዘጠኙ ገደማ ናዳውን የቀሰቀሱት ራሳቸው ወይም አብሯቸው የነበረ ሰው ነው። ይህን መጥፎ ዜና አታድርጊው። አንቺ የምታስነሺው ከሆነ አለማስነሳትም በእጅሽ ነው ማለት ነው።

ጥያቄ፦ የናዳ ትንበያው ከ5 ደረጃ 3 ሲል መሃል ስለሆነ እንሄዳለን። 4 ሲሆን እንቀራለን። ልክ ነን? — የአራት ሰዎች ቡድን

መልስ፦ ይህ ጥያቄ በአምስት ደብዳቤ መጥቷል። 3 መሃል አይደለም። ቁጥሩ ከ1 እስከ 5 ስለሆነ ያሳስታል። ከ2 ወደ 3 ሲሄድ አደጋው በአንድ ደረጃ ከፍ አይልም፤ በብዙ እጥፍ ይጨምራል። ደረጃ 3 ማለት አንድ ሰው ብቻውን ረግጦ ናዳ ሊያስነሳ የሚችልባቸው ቁልቁለቶች አሉ ማለት ነው። በአውሮፓ የአልፕስ ተራሮች ባሉባቸው አገሮች ከናዳ ሞት ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ይኸው 3 ነው። 4 ሲባል ብዙ ሰው ይቀራል፤ ተራራውም ራሱ እየተናደ ያስፈራል። 3 ላይ ግን ፀሐይ አለ፣ አዲስ በረዶ አለ፣ ተራራው ዝም ብሏል።

ደግሞ ቁጥሩን ብቻ አይታችሁ ስልኩን አትዝጉ። ከቁጥሩ ሥር ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። ችግሩ ምን ዓይነት ነው? አዲስ በረዶ ነው፣ ነፋስ የከመረው ነው፣ የቆየ ደካማ ንጣፍ ነው ወይስ እርጥብ በረዶ? ከየትኛው ከፍታ ጀምሮ? ወደየት አቅጣጫ የዞረው ቁልቁለት ላይ? ነፋስ የከመረው ከሆነ ከጫፉ ወዲያ ያለውን የተከለለ ጎን ትሸሻላችሁ። ነፋስ ከሰማይ ከሚወርደው እስከ አሥር እጥፍ በሚደርስ ፍጥነት በረዶ ሊከምር ይችላል፤ ስለዚህ አደጋው አንድም ቅንጣት ባልጣለበት ቀን ሊመጣ ይችላል። "የቆየ ደካማ ንጣፍ" የሚል ካያችሁ ግን ያ ስኳሩ ነው። ያን ጊዜ በጥበብ አልፈዋለሁ አትበሉ። ቀጥ ያለውን መሬት ለዚያ ሳምንት ተዉት።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ እናት ነኝና አትታዘበኝ። ልጄ በረዶ ላይ መሄድ ይወዳል። ኤርባግ ያለው የጀርባ ቦርሳ ገዛሁለት። አሁን እንቅልፍ ልተኛ? — እናት

መልስ፦ እናቴ፣ ምን እታዘባለሁ! ጥሩ ነገር ነው የገዙለት። ናዳ ሲንቀሳቀስ ትላልቁ ነገር ወደ ላይ ይወጣል። ኤርባጉ ሲነፋ ሰውዬውን ትልቅ ያደርገዋል፤ ላይ የመቅረት ዕድሉ ይጨምራል። ግን እንዲነፋ የቦርሳውን እጀታ መሳብ አለበት። ሰው ሲገለበጥ እጁ እጀታውን ላያገኘው ይችላል። ዛፍና ቋጥኝ ያለበት ቦታ ላይ ደግሞ ኤርባግ ከምት አያድንም። ሸለቆ ውስጥ ከተጣለ በረዶው በላዩ ይከመርበታል።

ስለዚህ ሌሎቹን ሦስት ዕቃዎች ይጠይቁት፦ ቢከን፣ ዘንግና አካፋ። ቢከን ከሸሚዝ በላይ፣ ከጃኬት ሥር የሚታሰር፣ የተቀበረ ሰው እንዲገኝ የሬዲዮ ምልክት የሚልክና የሚቀበል ትንሽ መሣሪያ ነው። በመላው ዓለም በ457 ኪሎ ኸርዝ ነው የሚሠራው፤ ስለዚህ የአንዱ ድርጅት ቢከን የሌላውን ይሰማል። ዘንጉ እየተወጋ የተቀበረውን ሰው በትክክል ያለበትን ቦታ ያሳያል። አካፋው ብረት ይሁን፤ ፕላስቲኩ የናዳ በረዶ ላይ ይሰበራል። ናዳ ሲቆም እንደ ሲሚንቶ ነው የሚጠጥረው።

ለምን እንደማጠብቅ ልንገርዎ። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ የስዊዘርላንድ ጥናት ከ1981 እስከ 2020 የደረሱ አደጋዎችን አይቷል። በ10 ደቂቃ ውስጥ ከወጡት ከአሥሩ ዘጠኙ ተርፈዋል። ከዚያ በኋላ ግን የመትረፍ ዕድሉ በፍጥነት ይወርዳል፤ 30 ደቂቃ ሲሞላ ሲሶ ያህል ብቻ ይቀራል። አየር ያጥራቸዋል። ሄሊኮፕተር በ10 ደቂቃ አይደርስም። የሚያድነው አብሮት ያለው ሰው ነው። ስለዚህ የልጅዎ ቢከን ልጅዎን የሚያድነው ጓደኛው ፍለጋ ከቻለ ነው። ጓደኞቹን አንድ ቀን ቤት ይጥሯቸው። ቢከኑን ጓሮ ይደብቁና ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅባቸው ይቁጠሩ። ስልካቸውን ከቢከኑ ያርቁ፤ ሲፈልጉ ቢያንስ 50 ሴንቲ ሜትር፣ ሲራመዱ 20። ዘንጉ ሰው ሲነካ አይንቀሉት፤ እዚያው ይቁም። ከላይ ቀጥ ብሎ ሳይሆን ከቁልቁለቱ ታች በኩል ወደ ጎን ይቆፈር። ይህን በወቅቱ መጀመሪያ አንዴ፣ ከዚያም በየወሩ ቢያደርጉት እርስዎም የተሻለ ይተኛሉ።

ጥያቄ፦ እኛ ስኪ አናደርግም። በበረዶ ጫማ ሸለቆ ለሸለቆ ነው የምንጓዘው። ናዳ እኛን ይመለከታል? ቁልቁለትስ በምን ይለካል? — ባልና ሚስት

መልስ፦ በደንብ ይመለከታችኋል። እናንተ የምትሄዱበትን ሳይሆን ከእናንተ በላይ ያለውን እዩ።

እ.ኤ.አ. የካቲት 23 ቀን 1999 ኦስትሪያ ውስጥ ጋልቱር የምትባል መንደር ላይ ናዳ ወረደ። በዚያ ወር በተከታታይ ማዕበል ወደ 4 ሜትር የሚጠጋ በረዶ ጥሎ ነበር። 31 ሰዎች ሞቱ። ስኪ ላይ አልነበሩም፤ መንደር ውስጥ ነበሩ። ከተመቱት ቤቶች አንዳንዶቹ በአደጋ ካርታው ላይ ከአደጋ ነፃ በተባለው ክልል የተሠሩ ነበሩ። እንዲህ ያለው ትልቅ ናዳ ብርቅ ነው። ሸለቆ ውስጥ ያለ ሰው ከላይ ያለው ተራራ አደጋ እንደሚደርሰው ግን ያሳያል።

ልኬቱ ይኸውላችሁ። ሶሌታ የሚናደው አብዛኛውን ጊዜ ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ባለ ቁልቁለት ላይ ነው። በብዛት 38 አካባቢ። ከ45 በጣም የበለጠ ቀጥ ካለ በረዶው አብዛኛውን ጊዜ ሳይከመር እየረገፈ ያልቃል። ከ30 በታች ከሆነ ሶሌታው ቢሰበርም እምብዛም አይንሸራተትም። ስልክ ላይ ዲግሪ የሚለካ አፕ አለ፤ ስልኩን ቁልቁለቱን ተከትሎ በተጋደመ ዱላ ላይ አሳርፉት። ስልኩ በብርድ ከጠፋ ሁለት እኩል ዱላዎች ይበቃሉ። አንዱን ቀጥ አድርጋችሁ በረዶው ላይ አቁሙ። ሌላውን አግድም ያዙና ጫፉን ወደ ላይ በኩል ካለው ቁልቁለት ጋር አነካኩት። አግድሙ የቆመውን ዱላ ከግማሹ በታች ካገኘው ቁልቁለቱ ከ27 ዲግሪ ያንሳል። አናቱ ላይ ካገኘው 45 ነው። ይህን ግን ብዙ ቁልቁለት የሌለበት ቦታ ላይ ቆማችሁ ተለማመዱት፤ የሚያጠራጥረው ቁልቁለት መሃል ገብቶ መለካት ዘግይቷል።

እኔ ለራሴ ያወጣሁት ደንብ ቀላል ነው። ትንበያው ላይ ያልገባኝ ነገር ካለ ያን ቀን ከ30 ዲግሪ በታች እሄዳለሁ፤ ከበላዬም ከ30 በላይ የሆነ ነገር እንዳይኖር አደርጋለሁ። የበረዶውን ውስጥ ማወቅ አልችል ይሆናል። የቁልቁለቱን ልክ ግን ሁልጊዜ ማወቅ እችላለሁ።

ጥያቄ፦ ኮርስ ወስጄአለሁ። ጉድጓድ ቆፍሬ የዓምዱን ፈተና ሠራሁ። 30ውንም ጊዜ መታሁት፤ አልተሰበረም። መሄድ እችላለሁ ማለት ነው? — ጀማሪ

መልስ፦ መቆፈርህ ራሱ ያስመሰግንሃል። ለማያውቁት ላስረዳ፦ 30 ሴንቲ ሜትር በ90 የሆነ የበረዶ ዓምድ ከዙሪያው ተቆርጦ ይለያል። አንዱ ጫፍ ላይ አካፋ ይቀመጣል። አሥር ጊዜ ከእጅ አንጓ፣ አሥር ጊዜ ከክርን፣ አሥር ጊዜ ከትከሻ ይመታል። ስብራቱ ዓምዱን ከጫፍ ጫፍ ካቋረጠ ቁልቁለቱም ሊያደርገው ይችላል።

ውጤቱ መጥፎ ከሆነ እመነው። ጥሩ ከሆነ ግን ፈቃድ አይደለም። የቆፈርከው 90 ሴንቲ ሜትር ነው፤ የምትሄደው በመቶዎች ሜትር። ከጉድጓድህ ሃያ እርምጃ ርቆ፣ ቋጥኝ በተደበቀበት ስስ ቦታ፣ ስኳሩ ሊኖር ይችላል። እኔ ጉድጓዱን የምቆፍረው የንጣፎቹን ታሪክ ለማንበብ ነው። ግድግዳውን በጓንቴ ጀርባ አለሰልስና ጣቴን ከላይ ወደ ታች እጎትታለሁ። ጣት የሚገታበት አለ፤ ሶሌታው ነው። ከዚያ ድንገት ዘው የሚልበት አለ። እዚያ ላይ አቆማለሁ፣ ቅንጣቱን ጥቁር ካርድ ላይ አድርጌ በአጉሊ መነጽር አያለሁ። ማዕዘን ካለው ፈተናው ምንም ይበል ምን ቀጥ ወዳለው አልሄድም። ከትንበያው ሲጣረስብህም አስጊ የሚለውን ያዝ።

ጥያቄ፦ ፀሐይ ሲበረታ ምን ልጠንቀቅ? — አንባቢ

መልስ፦ ሰዓቱን። ሌሊት ሰማዩ ጠርቶ ላዩ በደንብ ከጠጠረ ጎህ ሲቀድ ውጣ፤ እኩለ ቀን ሳይሆን ውረድ። ደመና ስለነበረ ሌሊት ካልጠጠረ አትውጣ። ከዛፍና ከቋጥኝ ሥር የበረዶ ኳስ እየተንከባለለ ከወረደ፣ እግርህም እስከ ቁርጭምጭሚትህ ከሰመጠ፣ ዘግይተሃል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ከቡድኑ ልምድ የሌለኝ እኔ ነኝ። ባለፈው ጉዞ ፈራሁ፤ ግን ሁሉም ሲሄድ አፍሬ ዝም አልኩ። ምን ማለት ነበረብኝ? — አዲሷ

መልስ፦ እህቴ፣ "እኔ አልተመቸኝም፣ እንመለስ" ማለት ይበቃ ነበር። ምክንያት ማቅረብ የለብሽም። እኔ በምመራው ቡድን አንድ ሰው እምቢ ካለ ሁላችንም እንመለሳለን፤ ይህን የምንስማማው ቁልቁለቱ ሥር ደርሰን ሳይሆን መኪናው ጋ ቢከን ስንፈትሽ ነው። ተራራው ላይ ከሆነማ ሁሉም ደክሟል፣ ጫፉ ይታያል፣ ማንም መናገር አይፈልግም። በእኔ ታሪክ ውስጥ "ሰማህ?" ያለኝ ጓደኛዬ ከሁለታችን ልምድ የሌለው እሱ ነበር። እኔ ነበርኩ የማውቀው የምባለው። በሚቀጥለው ጉዞ መኪናው ጋ ሳላችሁ ይህን ጥያቄ አንቺው አንሺው፦ "ዛሬ ማን እምቢ ሲል ነው የምንመለሰው?" መልሱ "ማንኛችንም ብንል" ካልሆነ ከእነሱ ጋር አትውጪ።